ተመልሶ የሚመጣ ውሃ

በቦንጋ ቤታችን ስለ ተሠራው የባሕር መስተዋት የቧንቧ ሥራ

በዘመናችን ቤትን ለማሳመር ከሚደረጉት ነገሮች አንዱ በእንግዳ መቀበያ አዳራሽ የዓሣ መስተዋት ማኖር ነው። በአዲስ አበባ በሆቴሎችና በአንዳንድ መኖሪያ ቤት ይህን ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ዳሩ ግን የሚበዛው ሰው የሚያየው ፊቱን ብቻ ነው፤ ይኸውም መብራቱን፥ ነጩን አሸዋና ወዲያና ወዲህ የሚመላለሱትን ዓሦች ነው። ከጀርባው ያለውን ቧንቧና ከሥሩ ተደብቆ የሚሠራውን ፓምፕ የሚመለከት ጥቂት ነው። የእንስሶቹ ሕይወት ግን የተንጠለጠለው በዚያ በማይታየው በኩል ነው።

እኛም ከቤተ ሰባችን ጋራ በምንኖርባት በቦንጋ ከተማ ይህን ሥራ ጀምረን ስለ ነበር፥ ከደረሰብን ጥፋትና ካገኘነው ትምህርት ለክቡራን አንባቢዎቻችን ብናካፍል ይጠቅማል ብለን አሰብን። ለሥራው ያነሣሡን ልጆቻችን ናቸው። ካፋ የደንና የምንጭ አገር እንጂ የባሕር አገር አይደለምና ልጆቹ ባሕርን የሚያውቁት በሥዕል ብቻ ነው። አንድ ቀን የቀይ ባሕርን የኮራል አምባ የሚያሳይ ሥዕል ተመልክተው «ይህን በቤታችን ማድረግ ይቻላልን?» ብለው ጠየቁን። እኛም ነገሩን ሳንመረምር «ይቻላል» ብለን መለስንላቸው። ቃሉ ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ተስፋ ከመስጠታችን አስቀድሞ ሥራው ምን እንደሚጠይቅ ማወቅ ይገባን ነበር።

ኮራል የሚሉት፥ ወይዛዝርት በጌጥነቱ መርጃን ብለው የሚያውቁት ነገር፥ ለብዙ ሰው ድንጋይ ወይም ተክል ይመስለዋል። እርሱ ግን እንስሳ ነው። በጣም ትናንሽ የሆኑ ብዙ እንስሶች አንድነት ተያይዘው ከባሕሩ ውሃ የኖራን ዘር እየወሰዱ ቤታቸውን ይሠራሉ፤ ልጅ በአባት ቤት ላይ እየሠራ በብዙ ሺህ ዓመት ውስጥ አምባ የሚያህል ክምር ይሆናል። ይህ እንስሳ እንደ ዓሣ ከሥፍራው ተነሥቶ ምግብ ለመፈለግና ከክፉ ውሃ ለመሸሽ አይችልም። ስለዚህ ምግቡንና እስትንፋሱን የሚያመጣለት፥ እድፉንም የሚወስድለት ዘወትር የሚንቀሳቀሰው የባሕር ውሃ ነው። በባሕር ማዕበሉና ሞገዱ ያለ ድካም ያገለግሉታል። በቤት ግን ማዕበሉን የሚተካ የሰው እጅ ሥራ ያስፈልጋል፤ የቧንቧውም ነገር የሚመጣው ከዚህ ነው።

የባሕርን እንስሳ በመስተዋት የማኖር ጥበብ በአውሮጳ ከተጀመረ ሩቅ ጊዜ ሆኗል። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1853 ዓ.ም. በሎንዶን የእንስሳት መኖሪያ የአትክልት ሥፍራ ለሕዝብ የሚታይ የዓሣ ቤት ተከፈተ፤ በሚከተለውም ዓመት እንግሊዛዊው ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ስለዚሁ ጥበብ መጽሐፍ አሳተመ። የሆነ ሆኖ ኮራልን በቤት ውስጥ በሕይወት ማቆየት ከዚያ በኋላ ለአንድ መቶ ዓመት ያህል እጅግ አስቸጋሪ ሆኖ ኖረ። በኢንዶኔዥያ በጃካርታ ይኖር የነበረ ሊ ቺን ኤንግ የሚባል ሰው በ1961 ዓ.ም. እንደ አውሮጳ አቆጣጠር የራሱን ዘዴ በጽሑፍ ገለጠ። ዘዴውም ከባሕር ሕያው ነገር የተጣበቀበትን ድንጋይ አምጥቶ በመስተዋቱ ማኖርና በአየር አረፋ ውሃውን ማንቀሳቀስ ነበር። ከዚህ በኋላ የተነሡት ባለሙያዎች ፓምፑንና ቧንቧውን እያሻሻሉ ዛሬ ወደሚታየው ሥራ አደረሱት።

ወደ ቧንቧው ነገር ከመግባታችን በፊት የውሃን ጠባይ ማስታወስ ያስፈልጋል። በአገራችን ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ግድም በስዊሳዊው በአልፍሬድ ኢልግ መሪነት ከእንጦጦ ጋራ ወደ ቤተ መንግሥታቸው ውሃ በቧንቧ ሲያስመጡ፥ ውሃ ወደ ዝቅታ ወርዶ እንደ ገና ሽቅብ ሲወጣ ያየ ሰው ሁሉ ተደነቀ። ነገሩ ግን ተአምር አልነበረም። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ያለ ውሃ ምንጩ ካለበት ከፍታ በታች እስከ ሆነ ድረስ ሽቅብ ለመውጣት ይችላል፤ ከምንጩ ከፍታ ግን በገዛ ኃይሉ አያልፍም። ወደ ታች ማውረድ ዋጋ አያስከፍልም፤ ወደ ነበረበት መመለስ ግን ኃይል ይፈልጋል። በቤት ውስጥ የሚሠራ የባሕር መስተዋት ጉዳይ በሙሉ በዚህ አንድ ቃል ይጠቃለላል።

የካፋ ልጅ ይህን ከመጽሐፍ ይልቅ በዓይኑ ለመማር ይችላል። ዝናሙ በደኑ ላይ ይወርዳል፤ ቅጠልና ሥር፥ የበሰበሰው አፈርም ያቆዩታል፤ በረግረጉ ውስጥ ጭቃውን ጥሎ እየጠራ ወደ ወንዝ ይገባል። የጎጀብ ወንዝ የአገሩን ውሃ ተቀብሎ ወደ ኦሞ ያደርሳል፤ ኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ወደ ላይ የሚመልሰው የፀሐይ ትኩሳት ነው፤ ውሃው ተንኖ ደመና ይሆንና እንደ ገና ይዘንማል። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ዘንድ ከዓለም የሕይወት ጥበቃ ሥፍራዎች አንዱ ሆኖ ሲመዘገብ፥ የተመዘገበው የቡናው መገኛ ብቻ ሳይሆን ይህ የውሃ ቤትም ጭምር ነው። እኛ በመስተዋት የምንሠራው ደግሞ የዚህ ምሳሌ ነው፤ ላይኛው ገንዳ እንደ ተራራው፥ ታችኛው ገንዳ እንደ ረግረጉ፥ ፓምፑም በፀሐይ ምትክ ይቆጠራል።

የሥራው አኳኋን እንዲህ ነው። ላይኛው ገንዳ የሚታየው መስተዋት ሲሆን ታችኛው ከሥሩ በሣጥን ውስጥ ይደበቃል። በላይኛው ገንዳ በአንዱ ማዕዘን፥ ከከንፈሩ ጥቂት ዝቅ ብሎ፥ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለው ትንሽ ግድብ ይደረጋል። ውሃው ከግድቡ ሲበልጥ ይፈስና በመውረጃው ቧንቧ በገዛ ክብደቱ ወደ ታች ይሄዳል። በታችኛው ገንዳ እድፉ ይጠለላል፥ ሙቀቱ ይስተካከላል፥ በረቂቅ የአየር አረፋም እየተናጠ ቅባትና ቆሻሻው ከአረፋው ጋራ ተገፎ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ፓምፑ ንጹሑን ውሃ በመመለሻው ቧንቧ ወደ ላይ ይሰድደዋል። ፓምፑ ያወጣውን ያህል ከላይ ይፈስሳል፤ ስለዚህ በላይኛው ገንዳ የውሃው ከፍታ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይኖራል።

የእኛ መስተዋት ርዝመቱ 120፥ ወርዱ 50፥ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ይህም 300 ሊትር ይይዛል። ባለሙያዎች ውሃው በሰዓት አምስት ጊዜ ያህል በታችኛው ገንዳ ቢመላለስ መልካም ነው ይላሉ፤ ስለዚህ በሰዓት 1,500 ሊትር ያስፈልገናል ማለት ነው። ፓምፕ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ውሃው ምንም ሽቅብ ሳይወጣ የሚሰጠው ነው። በሰዓት 3,000 ሊትር የሚል ፓምፕ ከፍተኛው ከፍታው 3 ሜትር ከሆነ፥ በ3 ሜትር ላይ አንዲት ጠብታ አይሰጥም፤ በ1 ሜትር ተኩል ላይ ደግሞ የሚሰጠው ግማሹን ያህል ነው። ቧንቧው በቀጠነና ኤልቦው በበዛ መጠን ደግሞ ከዚህ ይቀንሳል። ስለዚህ የቧንቧው መንገድ አጭርና ቀጥ ያለ፥ መውረጃው ቧንቧም ከመመለሻው የሰፋ ይሁን። እኛ ለመመለሻው 25፥ ለመውረጃው 40 ሚሊ ሜትር የሆነ የፒቪሲ ቧንቧ አደረግን።

እስከዚህ ድረስ ሥራው በደኅና ሄደ። ከባሕሩ ውሃ አስቀድመን ለሙከራ ከቤታችን ሮቶ ንጹሕ ውሃ ሞላንበት፤ ውሃውም ያለ ድምፅ ሲመላለስ ባየን ጊዜ እጅግ ደስ አለን። አንድ ነገር ግን በትዕቢታችን አበላሽተን ነበር። የመመለሻው ቧንቧ አፍ እንዳይታይና እንዳይጮኽ ብለን ከውሃው ወለል በታች 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አጥልቀነው ነበር። ሥራውን የሠራልን ወጣት የቧንቧ ሠራተኛ «ጋሼ፥ አፉ ወደ ላይ ቀረብ ቢል አይሻልም?» ብሎ ጠይቆን ነበር። እኛም መልኩን ስለ ወደድን «ግዴለህም፥ እንዲሁ ተወው» አልነው።

በሦስተኛው ሌሊት መብራት ጠፋ። ፓምፑ ሲቆም ሽቅብ ይወጣ የነበረው ውሃ በዚያው በመመለሻው ቧንቧ ቁልቁል መመለስ ጀመረ። ከበርሜል ናፍጣ በጎማ ስቦ ወደ ጀሪካን ያወረደ ሰው ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል፤ የጎማው አንደኛ አፍ በፈሳሹ ውስጥ፥ ሁለተኛው አፍ ከዚያ ዝቅ ብሎ እስካለ ድረስ መውረዱን አያቋርጥም። የእኛም ቧንቧ አፉ አየር እስኪያገኝ ድረስ ሳበ። ሒሳቡን በማግሥቱ አደረግነው። በእኛ መስተዋት አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ 6 ሊትር ነው፤ 15 ሴንቲ ሜትር ደግሞ 90 ሊትር ይሆናል። ታችኛው ገንዳ የነበረው ባዶ ሥፍራ ለ40 ሊትር ብቻ የሚበቃ ነበር። የቀረው 50 ሊትር በአዳራሹ ወለል ላይ ፈሰሰ። በማለዳ ስንነሣ ምንጣፉ ርሶ፥ በወለሉ ላይ ተቀምጠው የነበሩት የልጆቹ ደብተሮችም እንደ እንጀራ ተጣብቀው አገኘናቸው።

ልጆቹ ስለ ደብተራቸው አለቀሱ። እኛ ግን ያሳሰበን ሌላ ነገር ነው። ያ ውሃ የባሕር ውሃ፥ በውስጡም ሕያው ፍጥረት ቢኖርበት ኖሮ ከመስተዋቱ ውስጥ ሲሶው ጎድሎ በላይ በኩል ያሉት ኮራሎች በደረቅ አየር ላይ ያድሩ ነበር። ሠራተኛውን ወጣት አስጠርተን ጥፋቱ የእኛ እንደ ሆነ ነገርነውና ሥራውን እንዲያቃናልን ለመንነው። እርሱም አልወቀሰንም፤ የቧንቧውን አፍ ከውሃው ወለል በታች ወደ 2 ሴንቲ ሜትር አወጣው። ከእንግዲህ ወዲህ መብራት ቢጠፋ የሚመለሰው 12 ሊትር ብቻ ነው። ደግሞም በቧንቧው ላይ ልክ ከውሃው ወለል ሥር አንዲት ትንሽ ቀዳዳ በሳ፤ ውሃው ጥቂት ዝቅ እንዳለ ቀዳዳዋ አየር ታስገባና መሳቡን ታቋርጣለች።

አንዳንድ ሰዎች በመመለሻው ቧንቧ ላይ ውሃን ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ካለ ይበቃል ይላሉ። እኛ ግን በእርሱ ብቻ መተማመንን አንመክርም። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ወይም ትንሽ ቀንድ አውጣ በበሩ ላይ ብትቀመጥ አይገጥምም፤ አለመግጠሙም የሚታወቀው ጎርፉ ከመጣ በኋላ ነው። የታችኛው ገንዳ ስፋትና የቧንቧው አፍ ከፍታ ግን አይታመሙም፥ አያረጁም። በማናቸውም ሥራ ቢሆን በሚንቀሳቀስ ብልሃት ላይ ከመታመን ይልቅ በልክ ላይ መታመን ይሻላል።

ሁለተኛው አደጋ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። የመውረጃው ቧንቧ በቅጠል ወይም በሌላ ነገር ቢደፈን ፓምፑ ይህን ሳያውቅ መሙላቱን ይቀጥላል፤ ያን ጊዜ የሚፈሰው ከላይኛው ገንዳ ነው። ለዚህ ሁለት መድኃኒት አለው። የመጀመሪያው ከመጀመሪያው መውረጃ ጥቂት ከፍ ብሎ አፉ በአየር ላይ የሚቆም ሁለተኛ መውረጃ ማድረግ ነው፤ ይህ ዘወትር ሥራ ፈትቶ ቆሞ በክፉ ቀን ያገለግላል። ሁለተኛው ፓምፑ ያለበትን ክፍል ማጥበብ ነው፤ በዚያ ክፍል ያለው ውሃ ሁሉ ወደ ላይ ቢወጣ እንኳ ላይኛው ገንዳ ሳይፈስ እንዲችለው ሆኖ ይለካል።

ይህ ሁሉ ከተቃና በኋላ እናታችን ከገጠር ሊጠይቁን መጡ። መስተዋቱንም ለረዥም ጊዜ ተመልክተው «ልጄ፥ ይህ ውሃ ወዴት ነው የሚሄደው?» አሉን። እኛም «ወደ ታች ይወርድና ተመልሶ ወደዚያው ይመጣል፥ እማዬ» ብለን መለስን። «የሚመልሰውስ ማን ነው?» አሉ። «መብራቱ ነው» አልን። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው «እንግዲያ መብራቱ የቀረ ቀን በውስጡ ያለው ፍጥረት ማንን ይጠራል?» አሉ። ለዚህ ጥያቄ በዚያን ቀን መልስ አልነበረንም። ጎርፉን እንጂ እስትንፋሱን አላሰብንም ነበርና።

የእስትንፋሱ ነገር በቦንጋ ከሌላው ሥፍራ ይበልጥ ያስጨንቃል። በውሃ ውስጥ ያለ እንስሳ የሚተነፍሰው በውሃው የተቀላቀለውን ኦክሲጅን ነው። ይህም የሚገባው ውሃው በሚናወጥበት ጊዜ ከአየሩ ነው፤ ባርታ ፏፏቴ ሲወርድ ውሃው ነጭ ሆኖ የሚታየው ከአየር ጋራ ስለሚደባለቅ ነው። ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር የሳሳ ነው፤ ወደ ውሃ የሚገባውም ኦክሲጅን ወደ አምስተኛ እጅ በሚጠጋ ያንሳል። ደግሞም የጨው ውሃ ከጣፋጭ ውሃ ያነሰ ኦክሲጅን ይይዛል፤ ሞቃት ውሃም ከቀዝቃዛው ያነሰ ይይዛል። 25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውሃ በባሕር ዳርቻ በአንድ ሊትር ውስጥ 6.7 ሚሊ ግራም ያህል ሊይዝ ሲችል፥ በቦንጋ ግን ከ5.5 ሚሊ ግራም ብዙ አያልፍም። በባሕር ዳር ከተማ ያለ ሰው መብራት ጠፍቶበት የሚያገኘውን ፋታ ያህል የእኛ ቤት አያገኝም ማለት ነው። በዚያም ላይ ኮራል ከ24 እስከ 27 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ስለሚወድ፥ በቦንጋ ብርድ ሌሊት ማሞቂያውም መብራት ይፈልጋል።

ስለዚህ ባትሪ ከፓምፑ ጋራ አንድነት መታሰብ ያለበት ነገር እንጂ በኋላ የሚጨመር ትርፍ አይደለም። 30 ዋት የሚፈጅ ፓምፕ በ10 ሰዓት 300 ዋት ሰዓት ይወስዳል። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ብንወስድ እንኳ አንድ ሌሊት ያሳድራል። ለዚህ አቅም ያነሰው ሰው ቢያንስ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር መንፊያ ይግዛ፤ የአረፋው መውጣት ብቻ እንኳ ውሃውን እያናወጠ እስትንፋስ ይሰጣል።

ከዚህ ቀጥሎ የጨው ነገር ይመጣል። በጥንት ዘመን የአፋር ጨው አሞሌ ሆኖ በነጋዴ በቅሎ ተጭኖ እስከ ካፋ ገበያ ይመጣና እንደ ገንዘብ ይመነዘርበት ነበር። ነገር ግን በአሞሌም ሆነ በወጥ ቤት ጨው ባሕር አይሠራም። የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ይዟል፤ ከገበታችን ጨው ሌላ ማግኒዚየም፥ ካልሲየምና ሌላም ብዙ ነገር በውስጡ አለ። ኮራል ቤቱን የሚሠራው በዚሁ ካልሲየም ነው። ስለዚህ ለዚሁ ተብሎ የተቀመመውን የባሕር ጨው መግዛት ግድ ነው፤ ለ300 ሊትር ውሃ 10 ኪሎ ተኩል ይፈጃል። በየሳምንቱ ከውሃው አሥረኛው እጅ ሲለወጥ ደግሞ አንድ ኪሎ የሚያህል ይጨመራል። በቦንጋ ገበያ ይህ ጨው በቀላሉ የሚገኝ አይደለምና፥ አስቀድሞ ያላከማቸ ሰው በመካከሉ ይቸገራል።

ሌላው ልጆቻችንን ያስገረማቸው ነገር ይህ ነው። ውሃው በየቀኑ እየተነነ ይጎድላል፤ ጨው ግን አይተንንም። ከ300 ሊትሩ 30 ሊትር ቢተንን 35 ግራም የነበረው ጨው ወደ 39 ይጠጋል። ስለዚህ በጎደለው ልክ የሚጨመረው ጨው የሌለበት ንጹሕ ውሃ ነው። ለልጆቹ ይህን ስናስረዳ ምሳሌውን ከዚሁ ከአገራቸው አገኘን። ጎጀብ ከካፋ ሲወጣ የሚጠጣ ጣፋጭ ውሃ ነው። ይኸው ውሃ በኦሞ በኩል ቱርካና ይደርሳል፤ ቱርካና ግን መውጫ የለውም። ፀሐይ ውሃውን ስትወስድ ወንዙ በጥቂት በጥቂቱ ያመጣው ጨው እዚያው እየቀረ ሐይቁን አጨቀየው። የቤታችንም መስተዋት መውጫ የሌለው ትንሽ ቱርካና ነው፤ የሚገባበትን ነገር ሁሉ ያስቀራል።

ከዚህ የተነሣ ስለ ዕቃው ዓይነት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለሰው መታጠቢያ መልካም የሆነው የነሐስ ቫልቭና የመዳብ ቧንቧ ለኮራል መርዝ ነው፤ ጥቂት መዳብ በውሃው ቢሟሟ ኮራሉንና አጥንት የሌላቸውን የባሕር እንስሶች ይገድላቸዋል። ዚንክ የተለበጠ ብረትም እንዲሁ ነው። በካፋ ዝናም የበዛ ስለሆነ «ከጣራ የወረደ ውሃ ንጹሕ ነው» ተብሎ ከቆርቆሮ አሸንዳ የተጠራቀመውን ለመጨመር ይታሰባል፤ ነገር ግን ዚንኩን ከቆርቆሮው አጥቦ ሊያመጣ ይችላልና አይሁን። ስለዚህ ከቧንቧው እስከ ቫልቩ ድረስ ሁሉ ፕላስቲክ ይሁን፤ የሚሞላውም ውሃ ለዚህ በተሠራ ማጣሪያ ያለፈ ይሁን። ጥርስ ባለው መገጣጠሚያ ላይ በቃጫና በቀለም ፈንታ ነጩን የቴፍሎን ጥቅል መጠቀም ይገባል። ፓምፑ ለማጠብ እንዲወጣ በሁለት ወገኑ ዩኒየን ይደረግለት፤ ያለዚያ በየጊዜው ቧንቧ መጋዝ ይመጣል።

እንግዲህ ይህን ሥራ ለመጀመር ለሚያስቡ አንባቢዎቻችን ምክራችንን በቁጥር እንሰጣለን።

1ኛ፤ ቧንቧው ከመጣበቁ በፊት በደረቁ ይገጣጠምና ይለካ። ከተጣበቀ በኋላ አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ፤ ከዚያም ታጥቦ ውሃው ይደፋ።

2ኛ፤ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት በጣፋጭ ውሃ ብቻ ይሞከር። በየመገጣጠሚያው ሥር ደረቅ ወረቀት ቢነጠፍ የምታንጠባጥበው ትንሽ ጠብታ እንኳ ትታወቃለች።

3ኛ፤ መብራት እስኪጠፋ ሳይጠበቅ ፓምፑን በገዛ እጅ ማጥፋትና ውሃው የት እንደሚቆም መመልከት ይገባል። እኛ ዘወትር ቅዳሜ ጠዋት ይህን እናደርጋለን፤ የአየር ቀዳዳዋም እንዳትደፈን በዚያው ትጸዳለች።

4ኛ፤ የባሕሩ ውሃ ከገባ በኋላ እንስሳ ለማግባት መቸኮል አይገባም። ከእንስሳት እድፍ የሚወጣውን የአሞኒያ መርዝ ወደማይጎዳ ነገር የሚለውጡ ረቂቃን ባክቴሪያዎች በድንጋዩ ላይ እስኪበዙ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል።

5ኛ፤ በመስተዋቱ አጠገብ ደብተር ይኑር፤ መብራት የጠፋበት ቀንና የቆየበት ሰዓት ይጻፍበት። የቤቱ አቅም የሚለካው በዚህ እንጂ በምኞት አይደለም።

ይህን አምስተኛውን ምክር ያገኘነው ከእናታችን ጥያቄ ነው። ደብተሩን ለብዙ ወራት ጻፍን፤ ጸሐፊዎቹም ልጆቹ ነበሩ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓት አይተው ይመዘግባሉ፤ ሲመለስም እንዲሁ ያደርጋሉ። ከማታ እስከ ማለዳ የዘለቁ ሌሊቶችም ነበሩ። ከዚያ በኋላ ልጆቹን ሰብስበን ደብተሩን ፊታቸው ዘርግተን «አሁን ባለን ባትሪ ኮራሉ ስንቱን ሌሊት በሕይወት ያድር ነበር?» ብለን ጠየቅናቸው። ትልቋ ልጃችን ቆጥራ ቆጥራ «ሁሉንም አያድርም ነበር» አለች። ታናሽየውም «እንግዲያ ገና አናምጣው» አለ። እኛ ለመናገር የተቸገርንበትን ቃል ሕፃኑ ተናገረው።

ይህ ነገር የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዓለም ያለው ኮራል በባሕሩ መሞቅ ምክንያት እየነጣ በመሞት ላይ ነው፤ ሊቃውንቱ በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር በዓለም ሁሉ የተዘረጋ አራተኛ የመንጣት ዘመን መድረሱን አስታውቀዋል። ድንጋያማው ኮራል ያለ ፈቃድ ወረቀት ከአገር ወደ አገር እንዳይነገድ በዓለም ስምምነት የተከለከለ ነው፤ ኢትዮጵያም ከተስማሙት አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ ወደፊት ባትሪውን አሳድገን ስንጀምር እንኳ የምናመጣው ከባሕር የተገነጠለውን ሳይሆን በገንዳ ተቆርጦ የተራባውን፥ ወረቀቱም የተሟላውን ይሆናል። ለልጆች ጌጥ ይሁን ብሎ ከዳህላክ ወይም ከሌላ ባሕር ሕያው አምባ ማፍረስ፥ የቦንጋን የዱር ቡና ለእቅፍ አበባ ብሎ ከሥሩ እንደ መንቀል ያለ ሥራ ነው።

ዛሬ በአዳራሻችን ያለው መስተዋት ጣፋጭ ውሃ የያዘ ሲሆን በውስጡም የወርቅ ቀለም ያላቸው ጥቂት ዓሦች ይመላለሱበታል። እነዚህ ብርድን የሚችሉ፥ የአየርንም ማነስ ከኮራል ይልቅ የሚታገሡ ናቸው። ወደ ወንዝ ግን ፈጽሞ እንዳይጣሉ ለልጆቹ አስጠንቅቀናል፤ የእንግዳ አገር ዓሣ በጎጀብ ቢራባ የአገሩን ዓሣ ይጎዳልና። ቧንቧው፥ ፓምፑና ታችኛው ገንዳ ግን ለባሕር እንደ ተሠሩ ናቸው፤ ነሐስ የለባቸውም፥ መዳብም የለባቸውም። ባትሪው ሲሟላና የልጆቹ ደብተር «ይችላል» ሲል ጨውን እናገባበታለን።

እናታችን በቅርቡ ተመልሰው መጥተው ነበር። በዚያም ቀን እንደ ልማዱ መብራት ጠፋ። ፓምፑ ቆመ፤ ውሃው 12 ሊትሩን አውርዶ በልኩ ላይ ጸጥ አለ፤ ወለሉም ደረቅ ሆኖ ቀረ። ወዲያው ከባትሪው የሚሠራው ትንሽ አየር መንፊያ አረፋውን መስጠት ጀመረ። እናታችንም አረፋውን እየተመለከቱ «አሁን የሚጠሩት አገኙ» አሉ። ልጆቹም ደብተራቸውን አንሥተው ሰዓቱን ጻፉ።